ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም

ኤክስካቫተሩ ወይም ሎደሩ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ከሚኒሞ አልወጣ ይላል፤ ዲያግኖስቲክ ማሽን ይሰካል፤ የነዳጅ መስጫውን የሚጠቅስ ኮድ ይነበባል። ፍርዱ እዚያው ነው፦ ሴንሰሩ ሞቷል፣ አዲስ ይታዘዝ። በከባድ ማሽን ጥገና ከዚህ የበለጠ ገንዘብ በከንቱ የሚያስወጣ እምነት መኖሩን እጠራጠራለሁ። የሞተሩ ኮምፒውተር ሴንሰሩን አያየውም፤ የሚያየው እሱ ዘንድ የደረሰውን ሲግናል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ሶኬት አለ፣ ሻንሲውን ተጠግቶ ሲፋተግ የሚውል ሽቦ አለ፣ ማሳ አለ። ኮዱ የሚመሰክረው ስለ መንገዱ ሁሉ ነው። ሽቦ መከተል አድካሚ ስለሆነ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንና ዱላው ሴንሰሩ ላይ ያርፋል።

ኮዱን እስከ መጨረሻው የሚያነብም ጥቂት ነው። ብዙ ማሽኖች በሚጠቀሙበት ጄ1939 በተባለው ደንብ 91 ቁጥር የነዳጅ መስጫ ፔዳሉን አቀማመጥ ያመለክታል፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን አጠገቡ ባለው ቁጥር ነው። 3 ከሆነ ቮልቴጁ ከልኩ በላይ ነው፣ 4 ከሆነ ከልኩ በታች፣ 2 ከሆነ ንባቡ ይዋዥቃል፣ 8 ከሆነ የሲግናሉ ምት ተዛብቷል። በ5 ቮልት የሚሠራ ተራ ፖቴንሽዮሜትር የማሳ ሽቦው ሲበጠስ ሲግናሉ ወደ 5 ቮልት ይወጣል፤ ሴንሰሩ ራሱ ምንም ሳይሆን 3 ቁጥር ይመጣል ማለት ነው። በብዙ ማሽኖች ላይ ያው 5 ቮልት ለሌሎች ሴንሰሮችም ስለሚከፋፈል፣ የአንዱ ሾርት መሆን ቮልቴጁን አውርዶ ጤነኛውን ፔዳል ሊያስወነጅል ይችላል። እንዲህ ሲጠረጠር ሌሎቹን ሴንሰሮች አንድ በአንድ እየነቀሉ 5 ቮልቱ መቼ እንደሚመለስ ማየት ነው።

«ሴንሰሩን ቀይሬ ተስተካክሏል፤ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ሴንሰር ሲቀየር ሶኬቱም ተነቅሎ ይሰካል፤ የዛገ ወይም የላላ ፒን በዚያው ተፍቆ ለጊዜው ይገናኛል። መለየት የፈለገ አሮጌውን መልሶ ይስካው። ማሽኑ በአሮጌውም ከሠራ ጥፋቱ ሶኬቱ ላይ ነበር፤ ኮዱም ጭቃና ንዝረት ሲበዛ ይመለሳል።

ሌላው የጋራዥ ልማድ ሁሉንም በኦም መለካት ነው። በሆል መርሕ የሚሠራ ሴንሰር በኦም አይፈተሽም፤ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ሲግናሉ መለካት አለበት። ከአንድ ክር በቀር የተበጠሰ ወፍራም የማሳ ሽቦም በኦም ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ኮምፒውተሩን የሚመግበው መስመር ጭነት ላይ እያለ የሚጥለው ቮልቴጅ ነው መለካት ያለበት። በብዙ የካተርፒላር ሞተሮች ደግሞ የነዳጅ መስጫው ሴንሰር ሲግናሉን በምት ይልካል፤ ምቱ በርቶ የሚቆይበት ድርሻ በሚኒሞ ከ10 እስከ 22 በመቶ፣ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ከ75 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። በዲሲ ቮልት የሚለካ ሰው አማካዩን ብቻ አይቶ «ዝቅ ብሏል» ሊል ይችላል።

ሥራ ቆሟል፣ ለመለካት ጊዜ የለም የሚሉም አሉ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ግን ቴስተር ይዞ ሽቦ ከመከተል የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ደርሶም ካልሠራ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ኮምፒውተሩ ይሆናል፣ ዋጋውም ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም። ሴንሰሩን አልፎ ሲግናል በሌላ መንገድ መስጠት ደግሞ ከኪሳራም የከፋ ነው። ብዙ ፔዳሎች ሁለት ሲግናል የሚልኩት ኮምፒውተሩ እያነጻጸረ፣ ካልተስማሙ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ እንዲመልስ ነው። ያ ጥበቃ ሲወገድ ማሽኑ ኦፕሬተሩ ያላዘዘውን ፍጥነት ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ስትለኩ ሽቦውን በመርፌ አትውጉ፣ ውሃ ገብቶ ያዝገዋል፤ ከሶኬቱ ጀርባ ለኩ። 5 ቮልቱ ወይም ማሽኑ የሚፈልገው ቮልቴጅ ሶኬቱ ላይ ደርሶ፣ ማሳውም ጤነኛ ሆኖ፣ ሲግናሉ ግን ፔዳሉን ካልተከተለ ያኔ ሴንሰሩን እዘዙ።