እሁድ የተጋገረ ላሆህ ሐሙስ ጠዋት ትኩስ ይሆናል?

ሐኪም ጋራ ሥር የሚኖሩ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ጭንቀታቸው ይህ ነው። ልጆቹ 2 ሰዓት ሳይሞላ ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው። ባለቤታቸው ደግሞ «ላሆህ በሻይ ካልቀመስኩ ቀኑ አይነጋልኝም» ባይ ናቸው። ስለዚህ እመቤቲቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ምጣድ ይጥዳሉ። ደክሟቸው የተኙ ዕለት ልጆቹ በባዶ ሆዳቸው ይወጣሉ፤ ቤቱም ሲጨቃጨቅ ይውላል። ፍሪዘር አላቸው እኮ! ግን ከውሃ በቀር ምንም አይገባበትም። ለምን ቢሉ አማታቸው «በረዶ ቤት ያደረ ምግብ በሽታ ነው» ስላሉ።

አማትን ማክበር ደግ ነው፤ በዚህስ አንስማማም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከደረሰ ተህዋስያን አይራቡም። በሽታ የሚያመጣው የሰው አያያዝ እንጂ በረዶው አይደለም።

ላሆህ ዓይናም ስለሆነ በርዶ ሲሞቅ ለስላሳነቱ ይመለሳል። ፈቲራን ግን ተዉት። እንቁላሉ ውሃ ይተፋል፣ ቂጣው ይደርቃል። ፈቲራ ከምጣድ እንደወረደ ማር ፈሶበት ሲበላ ነው ፈቲራ!

ቅዳሜ ማታ 3 ኩባያ የስንዴና 1 ኩባያ የማሽላ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ እርሾና ጨው ለብ ባለ ውሃ ቀጠን አድርገው ያቡኩ። እሁድ ጠዋት ኩፍ ብሎ ይጠብቅዎታል። ከመሃል ወደ ዳር እያዞሩ ያስፉት፣ ዓይን ሲያወጣ ይክደኑት። አይገለበጥም።

ዋናው ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ትኩሱን እንዳይከቱት! ላቡ በረዶ ሆኖ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ ሲሞቅም ይላቁጣል። ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ይብረድ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ግን ውጭ አይቆይ። በየመሃሉ ንጹሕ ላስቲክ እያነጠፉ፣ ለአንድ ጠዋት የሚበቃውን ለብቻው በፌስታል ጠቅልለው፣ አየሩን አስወጥተው ይሰሩት። ቀኑንም ይጻፉበት። ከአንድ ወር ካለፈ ጣዕሙ ይወርዳል። ጠዋት ሳይቀልጥ መጥበሻ ላይ ጥለው፣ ጥቂት ውሃ ረጭተው ቢከድኑት ሻዩ እስኪፈላ ይደርሳል።

«መብራት ቢጠፋስ?» ትሉ ይሆናል። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ እስከ ግማሹ የሞላ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ በየደቂቃው እየከፈቱ ካላዩት ነው ታዲያ። መብራት ሲመጣ ላሆሁ አሁንም በረዶ ከያዘ ችግር የለም። ቀልጦ ለብ ብሎ ካገኙት ይጣሉት። አማትዎ እንዳያዩ ብቻ!