ስለ ራዳር ዲቴክተር፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚነዱ ወገኖች

በዚህ ቻናል ስለ መኪና ነገር በጻፍሁ ቁጥር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከአሌክሳንድርያ፣ ከባልቲሞርም ሆነ ከሩቅ ስቴቶች፣ «የትኛውን ራዳር ዲቴክተር (የፖሊስን የፍጥነት መለኪያ ራዳር ሰምቶ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ) ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ተመላልሶ ይደርሰኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በኡበርና በታክሲ የሚተዳደር፣ ወይም ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው በሌሊት የሚመላለስ ሰው አንድ የፍጥነት ቲኬት ቢቆረጥበት የሚከፍለው የቅጣቱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ዓመታት የሚከተለውን የኢንሹራንስ ጭማሪ ጭምር ነው፤ በመዝገቡ ላይ ነጥብ የተከማቸበት ሾፌርም እንጀራው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይሁን እንጂ ስለ መሣሪያው ዓይነትና ዋጋ ከመናገር በፊት ሰውዬው የሚያድርበትንና የሚመላለስበትን መንገድ መጠየቅ ይቀድማል፤ መልሱ ከዚያ ይወለዳልና።

ከአሜሪካ 50 ስቴቶች መካከል ራዳር ዲቴክተርን በግል መኪና ውስጥ ፈጽማ የከለከለችው ቨርጂንያ ብቻ ናት፤ ዋሽንግተን ዲሲም ስቴት ባትሆን በዚህ ነገር ከእርስዋ ጋር ተባብራለች። ሜሪላንድ ግን ትፈቅዳለች። እንግዲህ በአንድ ቀን ሦስቱንም የሚረግጥ ወገናችን፣ ማለዳ በቤቴዝዳ የተፈቀደለት ዕቃ የአሜሪካን ሌጅንን ድልድይ ተሻግሮ ማክሊን ሲደርስ በሕግ የተከለከለ እንደሚሆንበት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። «አጥፍቼዋለሁ» ማለትም በቨርጂንያ አያድንም፤ ሕጉ የሚምረው መሣሪያው ከኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ ነጂውም ሆነ ተሳፋሪው በቀላሉ ሊደርስበት ከማይችልበት ስፍራ የተቀመጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። የጭነት መኪና የሚነዱ ወንድሞቻችንም ልብ ይበሉ፤ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ በላይ በሆነና በስቴቶች መካከል በሚመላለስ የንግድ ተሽከርካሪ ውስጥ መሣሪያው ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ በሜሪላንድም ይሁን በቴክሳስ ለእነርሱ ፈቃድ የለም። ቶሮንቶ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድም ቢሆን፣ የኦንታርዮ ሕግ እንደ ቨርጂንያ መሆኑን አውቆ ከቤቱ ትቶት ይነሣ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ የአሠራሩን ምስጢር ያልተረዳ ሰው ለዋጋው ውድነት ሲል ይገዛል፣ ለጩኸቱም ብዛት ሲል ይጥላል። የፖሊሱ ራዳር ዐይን የማያየውን ረቂቅ የሬድዮ ሞገድ ወደ ጎዳናው ይልካል፤ ሞገዱም የሚመጣውን መኪና መትቶ ሲመለስ ድግግሞሹ ከተላከበት ከፍ ብሎ ይመለሳል። ይህን የሞገድ ጠባይ የኦስትርያው ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. የገለጠው ነው። በኬ ባንድ የሚሠራ ራዳር መኪናው በሰዓት ለሚሮጠው ለእያንዳንዱ ማይል በሴኮንድ 72 ያህል የሞገድ ምት ልዩነት ያገኛል፤ ያንን ልዩነት አስልቶ ፍጥነቱን በቁጥር ያወጣል። በመኪናችን ውስጥ ያለው ዲቴክተር ምንም አይለካም፤ የሚያደርገው መስማት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከፖሊሱ ቀድሞ መስማት ይቻለዋል። ምክንያቱም የራዳሩ ሞገድ ሄዶ መመለስ ስላለበት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ኃይል ወደ አሥራ ስድስተኛ እጁ ይወርዳል፤ ወደ እኛ የሚመጣው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጓዝ በእጥፍ ርቀት የሚቀንሰው ወደ አራተኛ እጁ ነው። መሣሪያው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ብልጫ ላይ ነው፤ ከኮረብታ ወዲያ የተደበቀ ፖሊስ እኛን ሊለካን ከመቻሉ በፊት፣ ከዛፉና ከአጥሩ ተንጸባርቆ የሚመጣው ጭላንጭል ሞገድ ጆሯችን የሚደርሰውም ስለዚህ ነው።

በዚሁ መንፈስ አንድ ሌላ ነገር መግለጥ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ዲቴክተሮች የሚሰሙት በውስጣቸው ራሳቸው ትንሽ ሞገድ አመንጭተው ከመጣው ጋር በማዋሐድ ነው፤ ከዚያች ሞገድም ጥቂት ወደ ውጭ ታመልጣለች፤ እንግዲህ የቨርጂንያ ፖሊሶች ይህችኑ የምታመልጠውን ሞገድ የሚያዳምጥ መሣሪያ ስላላቸው፣ ዲቴክተሩን ከመስተዋቱ ሥር በጨርቅ ሸፍኖ ተሰወርሁ ማለት ከንቱ ነው።

ፖሊስ የሚጠቀምባቸው የሞገድ ክፍሎች ሦስት ናቸው። ኤክስ ባንድ፣ በ10.525 ጊጋኸርትዝ የሚሠራው፣ ያረጀ ነውና ከጥቂት ቦታ በቀር አይገኝም። ኬ ባንድ በ24.15 ጊጋኸርትዝ ዙሪያ ነው፤ ፖሊስ ይጠቀምበታል፣ ነገር ግን የሱፐርማርኬት አውቶማቲክ በርም፣ የሌላው መኪና ጎን ጠባቂ ራዳርም በዚያው ስፍራ ይኖራል። ኬኤ ባንድ የሚባለው ከ33.4 እስከ 36 ጊጋኸርትዝ ሲሆን፣ ከፖሊስ በቀር የሚጠቀምበት እምብዛም ስለሌለ፣ በመሣሪያው መስኮት ላይ 33.8 ወይም 34.7 ወይም 35.5 የሚል ቁጥር ቢታይ አጠራጣሪ አይደለም።

ይህን ሁሉ መናገሬ ዋናውን ነገር ለመናገር ነው። ሻጮች የሚያወድሱት የመሣሪያውን የመስማት ርቀት ነው፤ እኔ ግን ለዕለት መንዳት የሚበልጠው የዝምታው ነገር ነው እላለሁ። በሂያጁና በመጪው ሁሉ ላይ የሚጮኽ ውሻ ሌባ በመጣበት ሌሊት ጌታውን እንደማይቀሰቅስ፣ በየፋርማሲው ደጅና በየመኪናው ጎን የሚጮኽ ዲቴክተርም በሳምንት ውስጥ ነጂውን ያደነዝዘዋል፤ ነጂው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ቀጥሎም ያጠፋዋል፣ በመጨረሻም በ34.7 የመጣው እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሰሚ አጥቶ ያልፋል።

ከፍሬድሪክ ወደ ሄገርስታውን በሚወስደው በአይ-70 ላይ የሚያጋጥመኝን ላሳያችሁ። መሣሪያው ከመስተዋቱ ሥር ሆኖ በለዘበ ድምፅ ኬ ባንድ 24.16 ይላል፤ መንገዱ ቢታጠፍም ኮረብታው ቢከልልም ምልክቱ ከፍም ዝቅም አይልም፤ በቀኜ አብሮኝ የሚሄደው መኪና ፍጥነት ጨምሮ ሲያልፍ ግን ድምፁ አብሮት ይሄዳል። ይህ ፖሊስ አይደለም፤ የዚያ መኪና ጎን ጠባቂ ራዳር ነው። ጥቂት ቆይቶ፣ ዳገቱ ሳያልቅ፣ ኬኤ ባንድ 34.7 በደካማ ድምፅ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ደግሞ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይመለሳል፣ አሁን ትንሽ በርትቶ፤ እንደገና ዝም። እንዲህ የሚቆራረጥ ምልክት ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ከወዲያኛው በኩል ያለው ፖሊስ ራዳሩን ዘግቶ ተቀምጦ፣ ከፊታችን ባሉት መኪኖች ላይ ብቻ በየተራ እያበራ እንደሚለካ የሚያስረዳ ነው። ከኮረብታው ስንወርድም በሁለቱ ጎዳና መካከል በሣሩ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን።

ከዚህ ደግሞ የመሣሪያው ወሰን ይታያል። ፖሊሱ ራዳሩን የሚያበራው ለመለካት በፈለገ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያው የሚመጣልን ከፊታችን ሌላ መኪና ሲለካ ነው፤ በባዶ ሌሊት ብቻውን የሚሮጥ ሰው ግን የመጀመሪያው ተለኪ ራሱ ስለ ሆነ፣ ዲቴክተሩ ሲጮኽ ፍጥነቱ ቀድሞ ተመዝግቧል። ሌዘር የሚባለውማ ከዚህ ይብሳል፤ ጨረሩ በ300 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ ከ1 ሜትር ስለማይበልጥ፣ ፖሊሱ ከመቶ መኪና መካከል የአንዱን ታርጋ መርጦ ያነጣጥራል፤ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜም ለክቶ ይጨርሳል፤ በመሣሪያው ላይ «ሌዘር» የሚል ቃል ያየ ሰው በአብዛኛው ያየው የተፈጸመ ነገር ነው። የሜሪላንድ የትምህርት ቤት አካባቢ ካሜራዎችም ከገደቡ 12 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈውን የሚይዙ ሲሆን፣ ብዙ ካሜራዎች በሌዘር ወይም እጅግ በደከመ ራዳር ስለሚሠሩ፣ ለእነርሱ ከዲቴክተሩ ይልቅ በስልክ ያለው ዌዝ የተባለው የመንገድ መተግበሪያ ይጠቅማል። በፔንሲልቬንያ ደግሞ ራዳር ለረጅም ዘመን ለስቴቱ ፖሊስ ብቻ ተፈቅዶ፣ የከተማ ፖሊሶች መኪና በሁለት ምልክቶች መካከል የሚፈጅበትን ጊዜ በመቁጠር ፍጥነት ሲለኩ ኖረዋል፤ ሞገድ የሌለበትን ልኬት ደግሞ የሚሰማ መሣሪያ የለም።

ስለ ምርጫው፣ ሕጉ በሚፈቅድበት ስፍራ ለሚኖር ሰው የምመክረው ይህ ነው። ዋጋው ከ200 ዶላር እስከ 800 ዶላር ይደርሳል፤ ከሁሉ በታች ባለው ዋጋ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የሚጮኽ እንጂ የሚለይ አይደለም። በውስጡ ጂፒኤስ ያለበትን ምረጡ፤ ይህ ያለበት መሣሪያ በየዕለቱ መንገዳችሁ ላይ ያለውን የሱፐርማርኬት በር ቦታ ስታስይዙት በዚያ ስፍራ ዝም ይላል፣ በዝግታ ስትሄዱም ድምፁን ራሱ ይቀንሳል። ለዚህ ዩኒደን አር3 ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። አቅጣጫን በቀስት የሚያመለክቱ፣ ማለትም ምልክቱ ከፊት፣ ከጎን ወይም ከኋላ መምጣቱን የሚናገሩ፣ እንደ ዩኒደን አር8፣ እንደ ኤስኮርት ሬድላይን 360ሲ ያሉ አሉ፤ ይህን የቀስት ጥበብ በ1992 እ.ኤ.አ. ያመጣው ቫለንታይን ዋን ሲሆን፣ እርሱ በራሱ ውስጥ ጂፒኤስ ስለሌለው ከስልክ ጋር አገናኝቶ መጠቀም ያስፈልጋል። ቀስቱ ቅንጦት አይደለም፤ ፖሊሱን ካለፋችሁት በኋላ ምልክቱ ወደ ኋላ መዞሩን ማየት ልብን ያሳርፋል፤ ነገር ግን ለእርሱ ሲሉ መበደር አይገባም።

ከተገዛ በኋላ ሁለት ነገሮችን ከቅንብሩ አስተካክሉ፤ ኤክስ ባንድን ዝጉ፣ የጎን ጠባቂ ራዳሮችን የሚያጣራውን ክፍል ክፈቱ። መሣሪያውን ከመስተዋቱ ሥር ከፍ አድርጋችሁ አግድም ስቀሉ፣ የኋላ መስኮቱንም ይይ፤ በካሊፎርንያና በሚነሶታ ግን መስኮት ላይ ዕቃ መስቀል የተገደበ ስለ ሆነ ሥርዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በከተማ ስታቆሙ አውርዳችሁ ሰውሩት። ሲጮኽም ፍሬን በድንገት አትርገጡ፤ የኋላ መስተዋታችሁን እዩ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሡ፣ መኪናው በራሱ ይቀዝቅዝ፤ በድንጋጤ የተረገጠ ፍሬን ከኋላ የሚከተለውን ቤተሰብ ሊያጠፋ ይችላልና።

በመጨረሻ ከልቤ የምናገረው አለኝ። መሣሪያው የሚጠቅመው በቁልቁለት ላይ ሳያስብ ከ65 ወደ 73 የተንሸራተተውን አስተዋይ ነጂ ነው እንጂ፣ በ95 ለመብረር ፈቃድ የሚፈልገውን አይደለም። ከ55 ማይል ወደ 75 ማይል ፍጥነት ሲወጣ የመኪናው የምት ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ይህ በራዳርም በሌዘርም የማይሻር የፍጥረት ሕግ ነው። በቨርጂንያ ደግሞ ከገደቡ 20 ማይል ያለፈ፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው የሚከሰሰው በግዴለሽ መንዳት ነው፤ ይህም ተራ ቲኬት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት የሚያደርስ ወንጀል ነው። እንግዲህ በወንጀል መዝገብ ላይ መግባት ለሥራ ፈቃድ፣ ለዜግነት ማመልከቻ፣ ለኡበር ምርመራ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ስለዚህ ከአርሊንግተን፣ ከአሌክሳንድርያና ከፌርፋክስ ለጻፋችሁልኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ አትግዙ። በሜሪላንድ ያላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ግዙ፤ ነገር ግን ከድልድዩ በፊት ካለው መውጫ ገብታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ፣ መሣሪያውን ከኋላ ሻንጣው ክፍል ቆልፋችሁ ተሻገሩ።