መሐሉን ራሱ የሚያገኝ ሞርሳ

ከዋንዛ የወጡ አራት የወንበር እግሮች በእጅ መላጊያ ተልገው ሲያልቁ አንዱ 40፣ ሌላው 39፣ ሦስተኛው 40 ተኩል ሚሊ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይችላል። ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። ወንበሩ ሲገጣጠም ግን ይታያል። አግዳሚውን የሚቀበለው ቀዳዳ ከመሐል በግማሽ ሚሊ ሜትር ካፈነገጠና እንጨቱ ተገልብጦ ከገባ፣ ስሕተቱ እጥፍ ሆኖ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ይሞላል።

የተለመደው መፍትሔ እያንዳንዱን እግር ለክቶ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ በእርሳስ ማስመር ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን እንጨቱ በበዛ ቁጥር እጅም ይደክማል፣ ስሌትም ይሳሳታል። ሁለተኛው መንገድ መለካቱን ጭራሽ ትቶ መሐሉን ለመሣሪያው መተው ነው።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ቀላሉን ማንኛውም አናጢ ከቁርጥራጭ እንጨት ይሠራዋል። በአንዲት አጭር ጣውላ መሐል እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት ሁለት ምስማሮች ይመታሉ። ጣውላዋ በእንጨቱ ላይ ተቀምጣ ምስማሮቹ ሁለቱን ጎኖች እስኪነኩ ድረስ ስትጠመዘዝ፣ እንጨቱ ቢሰፋም ቢጠብም እርሳሱ መሐል ላይ ይውላል።

ይህች ግን ታሰምራለች እንጂ አትይዝም። እንጨቱን እየያዘ ወደ መሐል የሚያመጣው ሞርሳ ምሥጢሩ ያለው በአንድ ዘንግ ላይ ነው፤ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ የሚዞር ጥርስ የወጣለት ዘንግ። የብስክሌት ፔዳል ፈትቶ የሚያውቅ ሰው የግራ ጥርስን ያውቀዋል፤ የግራው ፔዳል የሚፈታው እንደ ቀኙ አይደለም። በሞርሳው ላይ ሁለቱ ጥርሶች በአንድ ዘንግ ስለተገናኙ፣ እጀታው ሲዞር ሁለቱ መንጋጋዎች እኩል ይቀራረባሉ። በተለመደው የ12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.75 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር እያንዳንዱ መንጋጋ 1.75 ሲጓዝ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በ3.5 ሚሊ ሜትር ይጠባል።

ለሥራው ጠንካራ መደብ፣ ሁለት መንጋጋ፣ የቀኝና የግራ ዳዶ ያስፈልጋሉ። መንጋጋዎቹ እንዳይወላገዱ በሁለት ለስላሳ የብረት ዘንጎች ላይ ቢንሸራተቱ ይመረጣል። ቀኝና ግራ ጥርስ ያላቸውን ሁለት ብረቶች በብየዳ ማጋጠም ይቻላል፤ ትንሽ ከጎበጠ ግን ሞርሳው ይንቀጠቀጣል። ቶርኖ ቤት በአንድ ዘንግ ላይ ሁለቱንም ጥርስ ቢያወጣለት ይሻላል። መሐል ላይ ያለው ቋሚ ድጋፍ ዘንጉ እንዲዞር ይፈቅዳል፤ ወደ ጎን እንዳይሄድ ግን በሁለት ወገን በታሰሩ ዳዶዎች ይከለክለዋል። ከመንጋጋዎቹ በላይ፣ ከመደቡ ጋር በታሰረ ድልድይ ላይ፣ የትራፓኖውን ፑንታ የሚመራ የብረት ቱቦ ይገጠማል።

አሁን ሞርሳው ይፈተናል። ትርፍ እንጨት ይታሰርና ትንሽ ይበሳል፤ ከዚያ እንጨቱ ተፈትቶ፣ ግራ ጎኑ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ በዚያው ቦታ እንደገና ይበሳል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ከተደራረቡ ቱቦው መሐል ላይ ነው። ካልተደራረቡ ስሕተቱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግማሽ ነው። ድጋፉን የሚያስሩት ዳዶዎች ላላ ብለው ዘንጉ በዚያ ግማሽ ልክ ሲገፋ፣ ሁለቱም መንጋጋዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ፈተናውም ይደገማል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ መሐል ሁልጊዜ አይፈለግም። የጠመመ ጣውላ መጀመሪያ ካልተቃና መንጋጋዎቹ የሚይዙት ጉብታውን ነው። የጠረጴዛ ገጽ በሚገጣጠምበት ጊዜም 20 እና 22 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ጣውላዎች ጠርዛቸው ከመሐል ተበስቶ በእንጨት ችንካር ቢያያዙ፣ ከላይም ከታችም የአንድ ሚሊ ሜትር ደረጃ ይፈጠራል። እንዲህ ሲሆን ባለሙያው ሞርሳውን ትቶ ሁለቱንም ከላይኛው ገጽ እኩል ለክቶ ይበሳል። ሁለቱ ሚሊ ሜትር ሰው በማያየው በጠረጴዛው ሆድ በኩል ይቀራሉ፤ እዚያም በመላጊያ ይስተካከላሉ።