ማጭድ አፏ እንግዳ

ዝናቡ ሲያባራ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር እንግዶች ወፎች ይመጣሉ። ከእነሱ አንዷ ረጅም እግር አላት። ላባዋ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው። ምንቃሯ ግን ጉድ ነው! ረጅም ሆኖ እንደ ማጭድ ወደ ታች ጎብጧል። ፈረንጆች «ከርሊው» ይሏታል። እኛ ማጭድ አፍ እንበላት።

ከየት ትመጣለች?

ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ነው። እዚያ ብርድ ሲገባ መሬቱ በረዶ ይሆናል። ምንቃር አይበሳውም። ስለዚህ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በርራ ወደ ሙቅ አገር ትወርዳለች። መጋቢት ገደማ ወደ አገሯ ትመለሳለች።

ምንቃሯ ምን ይሠራል?

ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የሴቷ ከወንዱ ይረዝማል። ጭቃ ውስጥ ትሰደውና ትሉን ዳስሳ ታወጣዋለች። ሣር ላይ ደግሞ ፌንጣና ጥንዚዛ ትለቅማለች።

ጎጆዋስ?

ዛፍ ላይ አይደለም፤ መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ 4 እንቁላል ትጥላለች። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ለ4 ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። ሣሩ ሳይፈለፈሉ በማሽን ከታጨደ ግን እንቁላሉ ያልቃል። ረግረጉ በቦይ ከደረቀም ምግብ አይገኝም። ቁጥሯ የቀነሰው በዚህ ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቀጭን ምንቃር ያላት አንዲት ዘመድ ነበረቻት። በሳይቤሪያ ትፈለፈል፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ትከርም ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1995 በሞሮኮ ነው። በ2024 ሊቃውንት መረጃውን መርምረው «ጠፍታለች» አሉ። አደንና የረግረግ መታረስ ሳይጎዷት አልቀሩም ይላሉ። ዘር አንዴ ከጠፋ ከጎረቤት በብድር አይገኝም!

ለገበሬው ምኑ ነው?

«እርሻው ጠቦናል፤ ጨፌውን እንረሰው» የሚል አለ። ችግሩ እውነት ነው። ግን ጨፌው ከደረቀ ከብቱ በበጋ የት ይሰማራል? ጨፌ ውሃን እንደ እንስራ ይይዛል። ኋላ ቀስ እያለ ይለቀዋል። የጎርፍንም ጉልበት ያበርዳል። የአብጃታ ሐይቅ ዳር ያሉ ሰዎች ውሃ ሲሸሽ ምን እንደሚመስል አይተዋል። ወፏ የምታርፍበት ጨፌ በሬያችሁም የሚግጥበት ነው።

አንብባችሁ ተወያዩ፦
1. በአካባቢያችሁ ጨፌ አለ? በአባቶቻችሁ ጊዜ ስፋቱ ምን ያህል ነበር?
2. ሳይደርቅ እንዲቆይ ማን ምን ያድርግ?