ለሁሉም የሚነበብ ገጽ፦ የዶሃ ተሞክሮና የአማርኛ ድረ ገጾች የቤት ሥራ

ዶሃ፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2022 በአል ኾር በሚገኘው አል በይት ስታዲየም የዓለም ዋንጫ ሲከፈት፣ የታችኛው የአካል ክፍሉ ሳይሟላ የተወለደው ቀጠራዊ ወጣት ጋኒም አል ሙፍታሕ ከሱረቱል ሑጁራት 13ኛዋን አያ ቀራ። የሰው ልጅ በሕዝብና በነገድ የተለያየው እርስ በርሱ ይተዋወቅ ዘንድ መሆኑን የምታስታውሰው አያ በዓለም ዙሪያ ተሰማች፤ የወጣቱም ምስል ከውድድሩ የማይረሱ ትዝታዎች አንዱ ሆኖ ቀረ።

ካሜራዎች ብዙም ያላተኮሩበት ሌላ ሥራም ነበር። ዓይነ ስውራን ተመልካቾች ኳሱ የት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ በሜዳው ዳር ምን እየሆነ እንደሆነ በዝርዝር የሚተርክላቸው ልዩ የድምፅ ስርጭት በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ቀርቦላቸዋል። ጫጫታና ኃይለኛ ብርሃን ለሚከብዳቸው፣ በተለይም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች፣ ከመስታወት ጀርባ ሆነው ጨዋታውን የሚያዩባቸው ጸጥ ያሉ ክፍሎች በተወሰኑ ስታዲየሞች ተዘጋጅተው ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ መሠረት ነበረው።

ቀጠር የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በ2010 ዛሬ «መዳ» በሚል ስም የሚታወቀው የአጋዥ ቴክኖሎጂ ማዕከል በዶሃ ተቋቋመ። ቃሉ በዐረብኛ የአንድን ነገር መድረሻና ስፋት ያመለክታል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2011፣ ሀገሪቱ የዲጂታል ተደራሽነት ብሔራዊ ፖሊሲ አወጣች። ፖሊሲው የመንግሥት ድረ ገጾችን፣ የቴሌኮም አገልግሎቶችንና የባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖችን ጭምር የሚመለከት ነው።

የፖሊሲው አስፈላጊነት ለዶሃ ነዋሪ ማስረዳት አያሻውም። የመኖሪያ ፈቃድ ማደስ፣ የትራፊክ ቅጣት መክፈል፣ የሕክምና ቀጠሮ መያዝ፣ አቤቱታ ማቅረብ፣ ቀድሞ መስኮት ፊት ተሰልፎ የሚፈጸመው ጉዳይ ዛሬ በአብዛኛው በስልክ መስታወት ላይ ይፈጸማል። ስለዚህ ማየት ለተሳነው ሰው የማይከፈት ገጽ፣ ደረጃው ለተሽከርካሪ ወንበር እንዳይመች ሆኖ እንደተሠራ ቢሮ ነው። በሩ አለ፤ መግቢያው ግን የለም።

መዳ የድርጅቶችን ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ይፈትሻል፤ ጉድለታቸውን ያሳያል፤ መስፈርቱን ላሟሉትም የዕውቅና ምስክር ወረቀት ይሰጣል። መናገር ለሚቸግራቸው ሰዎች ከዐረቡ ባህል ጋር የሚስማሙ የመግባቢያ ሥዕሎችን «ተዋሱል» በሚል ስም ከሌሎች ተቋማት ጋር አዘጋጅቷል። «ቡሐመድ» የተባለውን፣ የቀጠር ባህላዊ ልብስ ለብሶ ጽሑፍን ወደ ምልክት ቋንቋ የሚተረጉም በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ሰውም ለመስማት ለተሳናቸው አበርክቷል።

ለመሆኑ ማየት የተሳነው ሰው ድረ ገጽን የሚያነበው እንዴት ነው? በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ «ስክሪን ሪደር» የሚባል ሶፍትዌር ይጠቀማል። ሶፍትዌሩ በገጹ ላይ የተጻፈውን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ወይም ከብሬል መሣሪያ ጋር ተገናኝቶ በጣት እንዲነበብ ያደርጋል። ተጠቃሚው ከአርእስት ወደ አርእስት፣ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየዘለለ የሚፈልገውን ያገኛል። ይሁንና ሶፍትዌሩ ማንበብ የሚችለው የተነገረውን ብቻ ነው። ፎቶ ካለ «ምስል» ከማለት አያልፍም፤ መግለጫ ካልተጻፈለት በውስጡ ያለውን አይናገርም። ስም ያልተሰጠው የመላኪያ ቁልፍ ሲያጋጥመው «ቁልፍ» ብሎ ያልፋል። ቁልፉ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የሚያየው ሰው ብቻ ይሆናል።

ለሙስሊም አንባቢያችን ይህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ከነበሯቸው ሙአዚኖች መካከል አንዱ ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ.)፣ ሌላው ደግሞ ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ነበሩ። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው እኒህን ሶሓባ በሚመለከት መሆኑን የተፍሲር ዐዋቂዎች ይናገራሉ። በሐዲስ እንደተዘገበው ቢላል ገና ሌሊት ሳለ አዛን ያሰሙ ነበር፤ የጾሙ መጀመሪያ የሚታወቀው በኢብኑ ኡሙ መክቱም አዛን ነበር። የንጋትን ብርሃን ማየት የማይችሉት ሰው አዛን የሚያሰሙት ሰዎች መንጋቱን ሲነግሯቸው ነበር። ያ ሁሉ ጿሚ የሚጠብቀውን ኃላፊነት ለመወጣት የጎደላቸው መረጃው ብቻ ነበር፤ እርሱንም የሚያዩት ሰዎች በቃል አሟሉላቸው። ከምስል ሥር የሚጻፍ አንድ መስመር መግለጫም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ለማያየው ሰው መንጋቱን ይነግረዋል።

ዓለም በዚህ ረገድ የሚመራበት ሰነድ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ይባላል። የመጀመሪያው እትም በ1999፣ ሁለተኛው በ2008 ወጣ፤ በ2018 እና በ2023 ደግሞ ተሻሽሏል። መሠረቱ አራት ነው። ይዘቱ በዓይን ወይም በጆሮ ወይም በጣት ሊደረስበት ይገባል። ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ ሊሠራበት ይገባል። ቋንቋውና አካሄዱ ሊገባ ይገባል። ልዩ ልዩ መሣሪያዎችም በትክክል ሊያነቡት ይገባል። ዝርዝሩ በቁጥር ጭምር የተቀመጠ ነው፤ ለምሳሌ በተለመደው ደረጃ የመደበኛ ጽሑፍና የጀርባው ቀለም የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት።

መመሪያው ይህን ያህል ዕድሜ ቢያስቆጥርም ፍጻሜው ገና ነው። አንድ ሚሊዮን የታወቁ ድረ ገጾችን የፊት ገጽ በየዓመቱ የሚመረምረው ዌብኤይም በ2024 ባወጣው ውጤት 95.9 በመቶ በሚሆኑት ላይ የመመሪያው ጥሰት አግኝቷል። ከሁሉም የበዙት ስሕተቶች ረቂቅ አይደሉም፤ የደበዘዘ ጽሑፍ፣ መግለጫ የሌለው ምስል፣ ስም የሌለው የቅጽ ሣጥን፣ ባዶ ሊንክ፣ ባዶ ቁልፍና ያልተገለጸ የገጽ ቋንቋ ናቸው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት መሆኑ ሲታሰብ የእነዚህ ትንንሽ ስሕተቶች ክብደት ይታያል።

ወደ አማርኛ ስንመለስ ታሪኩ የራሱ መልክ አለው። የመመሪያው የመጀመሪያ እትም በወጣበት በ1999 ዓመት የግዕዝ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ስለነበሩ ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም ለማሽን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነበሩ። ዛሬ ያ ችግር ተወግዷል። ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ ስክሪን ሪደር ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ሞተርም አማርኛን ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም መልእክቱን ያደርሳል።

ሆኖም የተከፈተውን በር መልሰን የምንዘጋው እኛው ነን። በዋትሳፕና በቴሌግራም የሚደርሱንን የአማርኛ ማስታወቂያዎች እናስተውል። ስለ ምሕረት ጊዜ፣ ስለ ሥራ ውል፣ ስለ ፓስፖርት እድሳት የሚገልጸው ጽሑፍ በአብዛኛው ባማረ ምስል ላይ ተጽፎ የሚላክ ነው። ማየት ለተሳነው ሰው ግን ያ ሁሉ መረጃ «ምስል» ከሚል አንድ ቃል አይበልጥም። ጽሑፉን ማጉላት የሚፈልጉ አረጋዊ ሲያጎሉት ይደበዝዝባቸዋል፤ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ዐረብኛ በማሽን ሊያስተረጉመው የሚሻ ሰውም ኮፒ ሊያደርገው አይችልም። አንድ ቀነ ገደብ በዚህ ምክንያት ያመለጠው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ጉዳዩ ዓይነ ስውራንን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በሥራ ላይ እጁን የተጎዳ ወገናችን ትንንሽ ቁልፎችን መጫን ያቅተዋል። በቀትር ፀሐይ በግንባታ ሥፍራ ስልኩን የሚከፍት ሠራተኛ የደበዘዘ ጽሑፍ አይታየውም። ጆሮው የሚሰማ እንኳ ቢሆን ሌሎች በተኙበት ክፍል ቪዲዮ የሚመለከት ሰው የግርጌ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ፊደል በሚገባ ላልቆጠሩ እህቶቻችን ደግሞ በድምፅ ሊነበብ የሚችል ገጽ ከሰው ደጅ ከመጥናት ያድናቸዋል። የዛሬው ጎልማሳ ዓይንም ነገ መነጽር መሻቱ አይቀርም።

በሀገር ቤትም ነገሩ እየቀረበ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 አጽድቃለች፤ መጻሕፍት ለማየት ለተሳናቸው በብሬልና በድምፅ እንዲባዙ የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነትም በ2020 ተቀላቅላለች። ቀጠር ይህንኑ ስምምነት በ2018 ተቀብላለች። ባንኩም፣ መታወቂያውም፣ ገንዘብ መላላኩም ወደ ስልክ እየገባ በመሆኑ፣ ከዶሃ የተላከላትን ገንዘብ በደሴ ወይም በጅማ የምትቀበል ዓይነ ስውር እናት የምሥጢር ቁጥሯን ለጎረቤት ሳትነግር መጠቀም መቻሏ የክብርና የደኅንነት ጥያቄ ነው።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። የአማርኛ ገጽ ያለው የንግድ ቤት፣ የመረዳጃ ማኅበር፣ መድረሳ ወይም የዜና ክፍል ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል። ማስታወቂያው በምስል ቢወጣም ሙሉ ቃሉ ከሥሩ በጽሑፍ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ምስል አጭር መግለጫ ይጻፍ። ለቁልፎችና ለቅጽ ሣጥኖች ስም ይሰጥ። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በኮዱ ውስጥ ይገለጽ፤ አለዚያ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በባዕድ ድምፅ ሊያነብ ወይም ሊዘለው ይችላል። ቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው። በመጨረሻም ገጹ ይፋ ከመሆኑ በፊት አንድ ማየት የተሳነው ሰው ይሞክረው፤ የትኛው በር እንደተዘጋ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

ዶሃ ሕግ አውጥታ፣ ተቋም መሥርታ፣ ፍተሻውን ጀምራለች። የአማርኛው ገጽ ሥራ ግን የአማርኛ ጸሐፊዎች ነው። የምናውቀውን መረጃ ሌላው በሚደርስበት መንገድ መንገር ውለታ ሳይሆን አማና ነው።