በጥቁር ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈው

በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ማረጋገጫ ሲሰጥ ያየ ሰው ሁኔታውን አይስተውም። መምህሩ ሰሌዳውን በጠመኔ ይሞሉታል፤ ተማሪውም አንዲት ምልክት እንዳታመልጠው አንገቱን ደፍቶ ይገለብጣል። ማታ ደብተሩን ሲከፍት ግን መሥመሩ ሁሉ ሞልቶ ምክንያቱ የለም።

ጥፋቱ የማን ነው? በአሜሪካ አገር ያሉ ተመራማሪዎች፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ባወጡት ጥናት፥ ልምድ ያላቸው አንድ ፕሮፌሰር ያስተማሩትን አንድ ማረጋገጫ በፊልም ቀድተው ከራሳቸው ከመምህሩና ከ6 ተማሪዎች ጋር ተነጋገሩበት። ነገሩ ስለ ቁጥሮች ተርታ ነበር። ከመምህሩ ዋና አሳቦች አንዱ፥ የተርታው መድረሻ በማይታወቅበት ጊዜ፥ ከአንድ ቦታ ወዲያ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ እርስ በርሳቸው የተፈለገውን ያህል መቀራረባቸውን ማሳየት ይበቃል የሚል ነው። ይህንንም በቃላቸው ተናገሩት እንጂ አልጻፉትም። በተማሪዎቹ ደብተር የተገኘው ግን ከሞላ ጎደል የሰሌዳው ስሌት ብቻ ሆነ።

የሒሳብ መምህራን ምልክት እንጂ ምክንያት አይነግሩንም እየተባለ ሲታሙ ኖረዋል፤ እኔም ከሐሜተኞቹ አንዱ ነበርሁ። ዳሩ ግን በ2017 በወጣው ሌላ ጥናት 11 ትምህርቶች ቢመረመሩ፥ በእያንዳንዱ በአማካይ 32 ጊዜ እንዲህ ያለ ማብራሪያ ተገኘ። አብዛኛው በቃል የተነገረ ነበርና ወደ ደብተር ሳይገባ ቀረ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማብራሪያ ግን ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ገልብጠውታል።