የሕንድ ግዛቶች ዋና ሚኒስትሮች፦ ማን ይሾማል፣ ማንስ ያወርዳል?

እ.ኤ.አ. በ1957 የሕንድ ግዛት የሆነችው የኬረላ ሕዝብ ድምፁን ሰጥቶ በኢ. ኤም. ኤስ. ናምቡዲሪፓድ የሚመራ የኮሙኒስት መንግሥት አቆመ። ኬረላ ለእኛ ባዳ አይደለችም። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሂሳብና ሳይንስ ካስተማሩን ሕንዳውያን ብዙዎቹ የዚያች ምድር ልጆች ነበሩ። አዲሱ የግዛቱ ዋና ሚኒስትር የመሬት ይዞታንና የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር የሚለውጡ ሕጎች ይዘው መጡ። ባለመሬቶች፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የናየር ማኅበረሰብ ድርጅት ተነሡባቸው፤ አደባባዩ ታወከ። በ1959 በኒው ዴልሂ የነበረው የጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ መንግሥት አሰናበታቸው። ሲሰናበቱ በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ነበራቸው። ኔህሩን የማከብር ብሆንም ይህ ለመራጩ የተደረገ በደል ነበር እላለሁ።

ለዚህ ዓይነቱ ስንብት ሕገ መንግሥቱ በሩን ከፍቶት ነበር። ዋና ሚኒስትሩን የሚሾመው የግዛቱ ገዥ ነው፤ ገዥውን ደግሞ የሚሾመው ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ገዥው አብላጫ ያለውን መሪ ይሾማል፣ በዋና ሚኒስትሩ ምክርም ይሠራል፤ የሚኒስትሮቹ ተጠያቂነት ግን ለተመረጠው ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 356 በበኩሉ የግዛቱ አስተዳደር በሕገ መንግሥቱ መሠረት መቀጠል አልቻለም ከተባለ ሥልጣኑን ወደ ማዕከል ይወስደዋል። በ1977 በማዕከል ሥልጣን የያዘው የጃናታ ፓርቲ የዘጠኝ ግዛቶችን መንግሥታት አፈረሰ። በ1980 ወደ ሥልጣን የተመለሱት ኢንዲራ ጋንዲም እንዲሁ ዘጠኝ አፈረሱ።

ይህ የፖለቲከኞች ጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀ። ግን ፖሊሱ፣ ሆስፒታሉና የእርሻ ሥራው በአብዛኛው በግዛቱ እጅ ነው፤ ኡታር ፕራዴሽ ብቻዋን በ2011 ቆጠራ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። ያኔ ማድራስ ትባል በነበረችው ታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ኬ. ካማራጅ በ1950ዎቹ ለድኻ ተማሪዎች ምሳ ማብላት ጀመሩ። በ1982 ኤም. ጂ. ራማቻንድራን በሰፊው አስፋፉት። በ2001 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁሉም ግዛቶች በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲያቀርቡ አዘዘ። በአንድ ግዛት የተጀመረ ሥራ የመላ ሕንድ ሕፃናት ምሳ ሆነ።

ለዚህ መንግሥት የማፍረስ ልማድ መፍትሔው የመጣው ከካርናታካ ግዛት ነው። በ1989 ዋና ሚኒስትር ኤስ. አር. ቦማይ ድጋፍ አጥተዋል ሲባል “ምክር ቤቱ ይጠራና ድምፅ ይሰጥ” አሉ፤ ገዥው አልተቀበሏቸውም፣ መንግሥታቸውም ፈረሰ። ክሱ ዓመታት ፈጀ። በ1994 ዘጠኝ ዳኞች አብላጫ የሚፈተነው በገዥው ግምት ሳይሆን በምክር ቤቱ ውስጥ እንደሆነ፣ የማፍረሱን ውሳኔም ፍርድ ቤት መመርመር እንደሚችል ወሰኑ። ፍርዱ ወረቀት ላይ አልቀረም። በ1998 የኡታር ፕራዴሽ ገዥ ካልያን ሲንግን አውርደው ጃግዳምቢካ ፓልን ሲሾሙ፣ ፍርድ ቤት ጣልቃ ገብቶ ምክር ቤቱ ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ካልያን ሲንግም አሸነፉ።

አሁን ሙግቱ ፊርማ ላይ ነው። ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ ያለ ገዥው ፈቃድ ሥራ ላይ አይውልም። የታሚል ናዱ ገዥ አሥር ሕጎች ይዘው በመቆየታቸው በኤፕሪል 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን ሕገ ወጥ ብሎ ለገዥዎች የጊዜ ገደብ አበጀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር አምስት ዳኞች ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ገደብ ሊያስቀምጥ እንደማይችል አስታወቁ፤ ገዥው ያለ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ ግን እንዲወስን ሊታዘዝ ይችላል አሉ። “ረጅም” የሚባለው ስንት ወር እንደሆነ ያልተወሰነ በመሆኑ ዋና ሚኒስትሮቹ ለእያንዳንዱ ሕግ እንደገና ፍርድ ቤት መቆም ሊኖርባቸው ነው።